የባሕር ዛፍ ጠበቃ

«ክቡራንና ክቡራት፣ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ይውደቅ!» ስትል ሰማኋት። የራሴ የልጄ ልጅ፣ እኔ ያሳደግኋት፣ በእኔ ጣራ ሥር ቆማ፤ ያውም ቋሚውም ማገሩም ከዚያው ዛፍ በተሠራ ቤት ውስጥ። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። ደጅ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። የቤቴ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ በውስጥ በኩል ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ድምፅ አይዝም። ጆሮዬ ነው ብዬ መልቀሜን ቀጠልኩ። ደገመችው። «ከነሥሩ ይነቀል!» አለች። ምስሩን ከነሰፌዱ አስቀምጬ ገባሁ። ፅጌረዳ አልጋው ላይ ወጥታለች፤ ነጠላዋን እንደ ወንድ ተሟጋች አደግድጋ፣ ቀኝ እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታለች። መስኮቱ ደግሞ ወዴት ነው የሚያየው? ወደ ዛፌ።

«ውረጂ ከአልጋው!» አልኳት።

«እምዬ፣ ልምምድ ነው እኮ።»

«የምን ልምምድ? የዲንሳ ምስክር ሆነሽ ልትቆሚብኝ ነው የምትለማመጂው?»

ወረደች፤ ግን አልደነገጠችም። እኔ ያሳደግሁት ልጅ መቼ ይደነግጣል።

ነገሩን ለማያውቅ ልናገር። ከመካኒሳ አቦ ወደ ታች ሲወረድ አንዲት ምንጭ አለች። ከምንጯ በላይ የኔ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከምንጯ በታች የዲንሳ ማሳና የከብቶቹ መዋያ። ዲንሳ አባቱም አያቱም እዚያው ያረሱ ሰው ነው። እኔ ከባለቤቴ ጋር ከመንዝ የመጣሁ ነኝ፤ ዛፉን ባሌ ተከለው፣ ባሌን አፈር በላው፣ ዛፉ ቀረልኝ። ዲንሳ «ዛፍሽ ምንጬን ጠጣው» ይላል። እኔ «ምንጭ የሚያፈልቅም የሚያደርቅም እግዜር ነው፤ ዛፌን ተው» እላለሁ። ይህን ከተባባልን ሦስት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ቃል የለም። አቦ ለማስቀደስ እንገናኛለን፤ እሱ በወንዶች በር፣ እኔ በሴቶች በር፤ ሰላምታ የለም። ለቅሶ ቤት አንድ ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን፤ እሱ መሬት መሬት ያያል፣ እኔ የድንኳኑን ጣራ። እንዲህ ስንከርም ክስ መሠረተብኝ። ረቡዕ አጥቢያ ዳኛው ፊት ቀጠሮ አለን። ከረታኝ ዛፌ ይቆረጣል። ዛፌ ከተቆረጠ ደግሞ ይህች አልጋ ላይ የቆመችው ልጅ በምን ልትማር ነው? አንዱን ቋሚ በብር ከስሙኒ እሸጣለሁ፤ የደብተሩም፣ የሸራ ጫማውም፣ የሚነበብበት ኩራዝ ጋዝም ሁሉ ከዚያ ነው የሚወጣው። በየግቢው ከዚህ እስከ ብስራተ ገብርኤል ድረስ የቆመውን ቤት ግድግዳውን ብትልጡት የኔ እንጨት ይወጣል።

«መምህር ገሠሠ የክርክር ርእስ ምረጡ ብለውናል» አለች ፅጌረዳ ነጠላዋን እየፈታች። ሰኞ ተማሪው ሁሉ፣ አስተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት ሁለት ሁለት እየሆኑ ቆመው ይሟገታሉ፤ የረታች ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ሄዳ ትገጥማለች። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ይንቦገቦጋል፣ እጇ አያርፍም። ግን ርእሱን መምህሩ ካልተቀበሉት መቆም የለም። ስንት ጊዜ ወስዳ ስንት ጊዜ መልሰውባታል። መጀመሪያ «ትምህርት ይጠቅማል» ብላ ሄደች። «ማነው አይጠቅምም የሚልሽ? ካለ አምጪውና አብረን እንምከረው» አሏት። ቀጥላ «ስካር መጥፎ ነው» ብላ ሄደች። «የስካር ጠበቃ ከየት ላምጣልሽ? አንድ የማውቀው አለ፣ እሱም ከቀትር በኋላ በእግሩ አይቆምም» አሏት፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት። አንዱ ልጅማ «ከእጅና ከእግር የቱ ይበልጣል» ብሎ ሄዶ «አንተ ሁለቱንም አጣምረህ ተቀመጥ» ተባለ። በመጨረሻ መምህሩ መረራቸውና «ከመጽሐፍ ላይ ርእስ አትልቀሙ። ሰፈራችሁ ውስጥ ሁለት ጨዋ ሰዎች የተኳረፉበትን ነገር አምጡልኝ። ሁለቱም ወገን እውነት ያለው ነገር ካልሆነ ክርክር አይባልም፣ ስብከት ነው» አሏቸው።

«እህ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔና ገዲሴ ተያየን።»

ገዲሴ የዲንሳ ልጅ ናት። ለካስ እኛ ስንኮራረፍ እነሱ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት! አብረው ሄደው አብረው ይመጣሉ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ አንዷ ትቀድማለች፣ አንዷ ትዘገያለች። እኔ ደግሞ ምንም የማያመልጠኝ ይመስለኝ ነበር። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት የባሰውን ነገረችኝ። መምህሩ ርእሱን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ አሉ። «ይሄ ነው! ግን ማንም በቤቱ የሰማውን ይዞ አይቆምም፤ ይህማ የበቀቀን ሥራ ነው። ፅጌረዳ የዲንሳን ትይዣለሽ፣ ገዲሴ የወይዘሮ ተናኘን ትይዣለሽ» አሉ።

«ሰው ያላመነበትን ነገር ሕዝብ ፊት ቆሞ ይናገራል?» አልኳት።

«ጠበቃ ምን ያደርጋል ታዲያ?»

«ጠበቃማ ይከፈለዋል!»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። እንግዲያው ሰኞ ለኔ ዛፍ የሚቆመው የዲንሳ ልጅ ነው። የኔ ልጅ ደግሞ ለዲንሳ። የኔን ልጅ አውቃታለሁ፤ አፏ ምላጭ ነው፣ ከማን እንደወሰደችው አትጠይቁኝ። የዲንሳ ልጅስ? «ገዲሴ ስለ ዛፌ ምን ልትል ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እንጃ። ዛፍ ጥላ አለው ትላለች መሰለኝ።»

«ጥላ?»

«ወፍም ያርፍበታል።»

«ጥላና ወፍ!» ደሜ ፈላ። «እኔ በዚህ ዛፍ ሰው አሳድጌ፣ ተዝካር አውጥቼ፣ አንቺን እስከ ዘጠነኛ ክፍል አድርሼ፣ ጥላና ወፍ? ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ተናኘ ወፍ ልታሳርፍ ነው ከጎረቤቷ የተጣላችው ሊል ነው?»

«ምን ታድርግ፣ የሚነግራት የለ። እኔ ጋሼ ዲንሳ ጋ ሐሙስ ሄጄ ሁሉንም ነግረውኛል።» ይህን ስትል ወደ መሬት አየች። «ገዲሴ ግን አንቺን ትፈራለች።»

ወጥቼ ምስሬን ያዝኩ። ጠጠሩን ትቼ ምስሩን ስጥል ራሴን አገኘሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክርክሬን ለገዲሴ ብነግራት ማታውኑ አባቷ ጆሮ ይገባል፤ ረቡዕ ዳኛው ፊት ስቆም ዲንሳ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ባልነግራት ደግሞ ሰኞ በአደባባይ እሸነፋለሁ። ያውም በማን? በገዛ ልጄ! ልጄ ስትረታ እልል ልበል ወይስ ዛፌ ሲሸነፍ ላልቅስ? እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ የኔ ነገር በደካማ አፍ ሲነገር መስማት አልችልም። ተሸንፌ አውቃለሁ፤ ተልፈስፍሼ ግን አላውቅም። «ሂጂ ጥሪያት» አልኩ። ፅጌረዳ ሸራ ጫማዋን ሳታስር በረረች።

ገዲሴ መጣችና ደፉ ላይ ቆመች። ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ያኔ እምቡጥ ነበረች፣ አሁን ቁመቷ ጉበኑን ሊነካ ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ግን ያው ነው። ድሮ ከዚህ ቤት አትጠፋም ነበር፤ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች፣ ቢሆንም እስክላት ቆመች። «ግቢ፣ ምን ይገትርሻል» አልኳት። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ቆሎ አቀረብኩ። አንዲት ፍሬ አንስታ ያዘቻት። ፅጌረዳ መሐላችን ላይ ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች።

«አንቺ ውጪ» አልኳት ፅጌረዳን።

«ለምን?»

«ባላንጣ ነሻ! የባላንጣ ጆሮ ባለበት ነገር አይመከርም።»

ገዲሴ አፏን ሸፈነች። ያን ጊዜ ነው ቤቱ ትንሽ የሞቀው። ፅጌረዳ እያጉረመረመች ወጣች፤ ግድግዳውን አውቃለሁና «ከግድግዳውም ራቂ!» አልኳት። ከዚያ ጀመርኩ። ጉንፋን ሲይዝ በቅጠሉ እንደሚታጠኑ፣ የሐምሌ ነፋስ የሰውን ጣራ ሲገለብጥ የኛን ሰፈር ማን ጋርዶ እንዳቆየው፣ ማገዶ ፍለጋ የሚሄድ ሰው እንደሌለ አንድ ባንድ ነገርኳት። ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን ስትጽፍ እጇ መፍዘዙን አየሁ። «እማማ ተናኘ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ያውቀዋል» አለችኝ በቀስታ። «ሰው ሲሰማው ዝም የሚልበት ነገር የለም?»

ይህች ልጅ! «አለ» አልኩ። «ጻፊ። ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ማን እንዳለው አላውቅም፣ ግን ተብሏል፣ እኔም አልጠመድኩም። ባል የሞተባት ሴት ማሳዋን ሰው እስኪያርስላት ደጅ ደጅ ታያለች፤ ያረሰላት ሰው እኩሉን ይወስዳል፤ ሲያኮርፍ ደግሞ ጨርሶ ይተዋታል። ዛፍ ግን ጥማድ አይጠይቅም፣ ወንድ አይጠይቅም። ዛፍ የሴት በሬ ነው።» ገዲሴ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፈችው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አልቀረሁም፤ አቆምኳት፣ ትከሻዋን ይዤ አቀናሁት። «ስትናገሪ አፍሽን አትሸፍኚ። ሰው ሲስቅብሽ ጠብቂው፣ ሲጨርስ ቀጥዪ። ያላመንሽበትን ጮክ በዪ፣ ያመንሽበትን ዝቅ አድርጊ፤ ያኔ ሁሉም ጆሮውን ይሰጥሻል።» ደጋገመችው። በሦስተኛው ላይ ጠጉሬ ቆመ። እልልታዬን ዋጥ አደረግሁት።

«ፅጌረዳ ምንጩ ለምን ደረቀ ብትለኝስ?» አለች ሊያበቃ ሲል።

«እግዜር አደረቀው በያት።»

«መምህር ገሠሠ እግዜርን ምስክር መጥራት አይቻልም ብለዋል።»

«እንግዲያው ዝለዪው።»

«ተቃዋሚ ጥያቄ ሲጠይቅ መዝለል አይቻልም።»

«እንግዲያው… ሂጂ አሁን፣ ቆሎውን ያዢ» አልኳት።

ከምሳ በኋላ እርስ በርስ ሊሞካከሩ ከዛፉ ሥር፣ ከድንበሩ ላይ ወጡ። ሰፊ ቦታ ነው፣ ቢጮኹ ማንም አይሰማም ብለው ነው። እኔ ቅጠል ልጠርግ ወጣሁ። ቅጠል የምጠርገው ሰኞ ሰኞ ነው፣ ግን ያን ቀን ቅጠሉ በዛብኝ። ወዲያ ማዶ ብመለከት ዲንሳ ጥጃ ይዞ ቆሟል፤ ሣር የሌለበት ቦታ ላይ ጥጃ ያበላል። እኔ መጥረጊያዬን አየሁ፣ እሱ ገመዱን አየ። ልጆቹ አዩንና ተያዩ፤ ነገር ግን አላፈሩም፣ ድምፃቸውን ጨመሩ እንጂ።

ገዲሴ ቀደመች። ቆመች፣ አፏን አልሸፈነችም። ነፋሱን አለች፣ ማገዶውን አለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም ብላችኋታል፤ እሺ ብላለች። ባሏ የሞተባት ሴት ታዲያ ምን ትጥመድ? ዛፍ የሴት በሬ ነው።» ቀጥላ ግን እኔ ያልነገርኳትን አመጣች። «ድሮ የሚያርስላት ጎረቤት ነበራት። እኩሉንም አይወስድም ነበር። ጎረቤቱ ካኮረፈ ወዲህ ማሳዋን ዳዋ በላው። እንግዲህ ዛፏንም ቁረጡባት፣ ከዚያ ለምና ትብላ።» ዲንሳ ገመዱን እጁ ላይ ሲጠመጥም ነበር፤ አቆመ። እኔ መጥረጊያዬን ተደግፌ ረታን፣ ረታን እላለሁ በሆዴ።

ከዚያ የኔዋ ተነሣች። አልጮኸችም። እንዳልጮኸች ሳይ ፈራሁ። «ተቃዋሚዬ ዛፍ የሴት በሬ ነው አለች። እውነቷን ነው። ግን በሬም ውሃ ይጠጣል። የዚህ በሬ ጥም ደግሞ አይቆረጥም» አለች። «ይህች ምንጭ ድሮ እስከ ግንቦት ትፈስ ነበር። ዘንድሮ ጥር ላይ ዝም አለች። ይህች ምንጭ ባሕር ዛፉ ሳይመጣ ነበረች። እኛም ከመንዝ ሳንመጣ ነበረች።» እኛም አለች። እኔን አላየችኝም፣ ግን እኛም አለች። «የባለ ዛፏ በሬ ቆሞ ውሃውን ሲጠጣ የጎረቤቷ ሚስት ወንዝ ትወርዳለች። በገና ሰሞን ማድጋ ተሸክማ ገደሉ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ከዚያን ቀን ወዲህ አቦ አልሳመችም፣ ከደጇም አልወጣችም። ባለ ዛፏ ግን ቡዜ ኮርታብኝ ነው ትላለች። ምንጩ ለምን ደረቀ? ተቃዋሚዬ ትመልስልኝ።»

እውነት ነው፣ ብያለሁ። የዲንሳ ሚስት ቡዜ ከቅዳሴ ስትጠፋ «ኮራች፣ መኮራረፉ ሳያንሳት ቤተ ክርስቲያኑንም ተወችልኝ» ብያለሁ፣ ያውም ሰው እየሰማኝ። አሁን ሁሉም ገዲሴን ያያል። ገዲሴ ወረቀቷን አየች። «ምንጩ… ምንጩማ…» አለች። እጇ ወደ አፏ ሊሄድ ነው።

«ዝናብ ጠፍቶ ነዋ!» አልኩ። ከአፌ መቼ እንደወጣ አላውቅም። «ሁለት ዓመት በልግ ሳይዘንብ ዛፍ ምን አደረገ? የለቡም ምንጭ ደርቋል፤ እዚያ ማን ዛፍ ተከለ? ይህን በያት!»

«ለቡ ባሕር ዛፍ ሞልቷል!» አለ ዲንሳ ከማዶ። ለልጅቷ ሳይሆን ለኔ። «ከማታውቂው አገር ምስክር አትጥሪ!»

«አንተ ለቡን መቼ አየኸው?»

«አማቶቼ አሉበት!»

«አማቶችህን ምንጭ ዳር ነው የምትጠይቃቸው?»

ጥጃውን ለቀቀው። ወደ ድንበሩ መጣ። እኔም መጥረጊያዬን ይዤ ሄድኩ። ደግሞ እኮ ሦስት ዓመት ያከማቸነው ነው! እሱ ባሌ ችግኙን ሲያመጣ አንድ ረድፍ ብሎ እንደነበር አነሣ፤ እኔ ጉድጓዱን አብሮ የቆፈረው ማን እንደነበር አነሣሁ። እሱ «ባልሽን ስለምወደው ቆፈርኩ» አለ፤ እኔ «ታዲያ የሱን ዛፍ ልታስቆርጥ ለምን ከሰስከኝ» አልኩ። «ሽማግሌ ብልክብሽ በሩን ዘጋሽባቸው!» አለ። «ወሬኛ ልከህ ነዋ!» አልኩ። አስቀድሞ «ወይዘሮ ተናኘ» ሲል የነበረው ሰውዬ «አንቺ» እያለ እጁን ያወናጭፋል፣ እኔ በመጥረጊያ ዛፍ ዛፉን አመለክታለሁ። እንዴት ያለ ክርክር ነበር! ደሜ ተንቀሳቀሰ። በየመሐሉ «ረቡዕ ዳኛው ፊት ንገረኝ!» እላለሁ፣ «አሁን እየነገርኩሽ ለዳኛው ምን ልንገረው!» ይላል። ልጆቹ አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ እኔ አንገታቸውን ያዞራሉ፤ ገዲሴ ወረቀቷን አገላብጣ መጻፍ ጀምራለች።

«ቡዜ ስትወድቅ ለምን አላስነገርከኝም?» አልኩት በመጨረሻ።

«በማን አፍ?»

ጥጃው ከሩቅ ጮኸ። ንፋስ መጥቶ ዛፉን አነቃነቀው። መጥረጊያዬን ዛፉ ላይ አስደግፌ ድንበሩን ተሻገርኩ።

«ወዴት ነው?» አለ ዲንሳ።

«ቡዜን ልጠይቅ። አንተን አልመጣሁም።»

ተከተለኝ። የቤቱ መንገድ አልጠፋኝም፣ እንዲያውም እኔ እቀድማለሁ። «ከምንጩ ጎን ያለውን አንድ ረድፍ አስቆርጣለሁ» አልኩ ሳልዞር። «ረትተኸኝ እንዳይመስልህ። እንጨቱም ለሽያጭ ደርሷል።»

«ሁለት ረድፍ!»

«አንድ!»

«ሁለት፤ ማሳሽንም አርሳለሁ!»

«ማሳዬንማ ድሮስ ማን ተው አለህ? አንድ ረድፍ!»

ከኋላችን ፅጌረዳ እየሮጠች መጣች። «እምዬ! ጋሼ ዲንሳ! ገና መልስ አልሰጠሁም፣ የመጨረሻው ቃል የኔ ነው!» ብላ ጮኸች። «አንቺ ሰኞ ትጨርሺዋለሽ» አልኳት፤ «ይሄ የኛ ነው።» ደጁ ላይ ስንደርስ ዲንሳ «ሁለት!» እንዳለ ነው፣ እኔም «አንድ!» እንዳልኩ። ጎጆው ውስጥ የአልጋ ጠፍር ሲጢጥ ሲል ሰማን፣ ከዚያ የቡዜ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን ሆኗል ግን ያው የቡዜ ድምፅ ነው።

«ተናኘ ናት? ታዲያ ደጅ ተገትራችሁ ምን ትጮሃላችሁ? ግቡና ተጣሉ።»